የሚያገግም ሰው ማዕድ፦ ችሮታ ነው ወይስ ፍትሕ?



ቋንቋችን በሕመምና በጤና መካከል ላለው ጊዜ የተለየ ቃል አለው፤ «ማገገም» እንለዋለን። ሰውዬው ትኩሳቱ ለቆታል፣ ከአልጋው ወርዷል፣ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ይሁን እንጂ ገና አልዳነም። ጉልበቱ ይብረከረካል፣ ጥቂት እንደ ተራመደ ያልበዋል፣ እህል ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ለዚህ ጊዜ አደጋም ሌላ ቃል አለን፤ «አገረሸበት» እንላለን። ሁለቱ ቃላት አበው ከአልጋ መነሣትና መዳን አንድ እንዳልሆኑ ጠንቅቀው ያውቁ እንደ ነበር ያስረዱናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህንኑ ጊዜ የሚመለከት ነው። ይኸውም፦ ከቫይረስ ሕመም የሚያገግም ሰው በሚገባ መብላቱ የግል ፍላጎቱ ጉዳይ ብቻ ነውን? ወይስ የኅሊና ግዴታው ነው? ቤተ ሰቡና ጎረቤቱስ እርሱን ሲመግቡ ችሮታ ያደርጋሉ ወይስ ፍትሕን ይፈጽማሉ?

ጥያቄው መጀመሪያ ሲሰማ ለሐኪም እንጂ ለካህን ወይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህር የሚቀርብ አይመስልም። ነገር ግን በየቁምስናው ሦስት ዓይነት ሰዎች ይገኛሉ። አንደኛው ከሕመም ገና ሳያገግም ጾሙን እንደ ጤነኛ ሰው ለመጨረስ የሚታገል አረጋዊ ነው። ሁለተኛው ሌሎች ሥራ ላይ ሳሉ እርሱ ተቀምጦ መብላቱ የሚያሳፍረው ወጣት ነው። ሦስተኛዋ ለእርሷ የተቀቀለውን ዕንቁላል ለልጆቿ ቆራርሳ የምታድል እናት ናት። እነዚህ ሦስቱ ሐኪም ያዘዘው ምግብ ከአፋቸው የማይደርሰው እህል ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም፤ ኅሊናቸው ስለ ከለከላቸውም ነው። ኅሊና የከለከለውን ደግሞ ሐኪም ብቻውን ሊፈታው አይችልም። ስለሆነም ነገሩን በጥሞና መመርመር ተገቢ ነው።

ሕመሙ ትቶት የሚሄደው ዕዳ

አስቀድመን ሕመሙ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን እንመልከት። ባክቴሪያ በሚያመጣቸው ብዙ ሕመሞች ላይ አንቲባዮቲክ የተባለው መድኃኒት ይሠራል። ጉንፋንን፣ ኢንፍሉዌንዛን፣ ኩፍኝን፣ እንዲሁም «የወፍ በሽታ» ከምንለው የጉበት መቆጣት መካከል ሄፓታይተስ ኤንና ሄፓታይተስ ኢን የሚያመጡት ግን ቫይረሶች ስለሆኑ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፋቸው ሰውነት ራሱ የሚያመርተው መከላከያ ነው። ሰውነትም ይህን ጦርነት የሚዋጋው ከራሱ ጎተራ ስንቅ እያወጣ ነው።

የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ከ10 እስከ 13 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ሐኪሞች ያስተምራሉ። በዚያው ሰዓት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ማስመለስና ተቅማጥም ሊጨመርበት ይችላል። ወጪው ሲበዛ ገቢው ይቀንሳል ማለት ነው። ልዩነቱን የሚከፍለው የሰውዬው ጡንቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ትኩሳቱ በለቀቀው ማግሥት ጤነኛ ሳይሆን ባለ ዕዳ ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው በእህል፣ በውኃ፣ በእንቅልፍና በጊዜ ብቻ ነው።

ኩፍኝን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ኩፍኝ የሕፃኑን አፍ ያቆስላል፣ ሆዱን ያውካል፣ በሰውነቱ የተከማቸውንም ቫይታሚን ኤ ያሟጥጣል። በዚህም ምክንያት ዓይናቸው የጠፋ ሕፃናት ብዙዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በኩፍኝ ለታመመ ሕፃን ሁሉ ቫይታሚን ኤ በተከታታይ 2 ቀናት እንዲሰጥ የሚያዘው ስለዚህ ነው። ከዚህም በላይ የኩፍኝ ቫይረስ ሰውነት ቀድሞ የተዋጋቸውን በሽታዎች የሚያስታውሱትን ሕዋሳት ያጠፋል። ሽፍታው ከጠፋ በኋላ እንኳ ሕፃኑ ለሳንባ ምችና ለተቅማጥ ለወራት የተጋለጠ ሆኖ ይቆያል። እንግዲህ ጎረቤት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ» ብሎ በሚመለስበት ቀን ለሕፃኑ አዲስ አደጋ ይጀምራል።

የወፍ በሽታም እንዲሁ ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ በኋላ ድካሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ኮቪድ 19 ወደ ሀገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰዎች የምግብ ሽታና ጣዕም ጠፍቶባቸው የቆዩበትን ዘመን አይተናል። ለእንዲህ ያለው ሰው ወጡ እንደ ውኃ፣ እንጀራውም እንደ ወረቀት ነው። ርኃብ ሳይሰማው ሰውነቱ ግን ይራባል።

ለሚያገግም ሰው ተጋድሎው ምንድን ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ሰው፣ ወደ አረጋዊው እንመለስ። እርሳቸው እንዲህ ይላሉ፦ «በሕመሜ ጊዜ እግዚአብሔርን ለምኜ አድኖኛል፤ ታዲያ በዳንሁ ማግሥት ጾሙን ልሽር?» ይህ ንግግር ከመልካም ልብ የወጣ ስለሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። መልስ የሚሰጠው ግን የጾምን ምንነት በመመርመር ነው።

ጾም ሰው በፍላጎቱ ላይ እንዲሠለጥን የሚያደርግ ልምምድ ነው። ጤነኛ ሰው ሆዱ ሲጠራው «ቆይ» ማለትን ይማርበታል። የሚያገግም ሰው ግን ሆዱ አይጠራውም፤ እህል ያስጠላዋል፣ ሽታው ያቅለሸልሸዋል። ለጤነኛው ተጋድሎው ከማዕድ መራቅ ሲሆን፣ እህል ለሚያስጠላው ሰው ተጋድሎው ወደ ማዕድ መቅረብ ነው። አምስት ጉርሻ ታግሎ የዋጠ በሽተኛ አንድ ቀን ሙሉ ከጾመ ጤነኛ የበለጠ ፈቃዱን አሸንፎ ሊሆን ይችላል። ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ከክትክታው ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ ያዘዘው እንዲበላ ነበር። ኤልያስም በልቶና ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። የአርባ ቀኑ ጉዞ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ ስለ ጾም ሲያስተምር፣ ቀና አእምሮ ለሰውነት ሕይወት የሚበቃውን ያህል ምግብ እንደማይነፍግ ይገልጣል። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዓመት ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት ሥጋ መብላትን ቢከለክልም፣ እጅግ ለደከሙ ሕመምተኞች ኃይላቸው እስኪመለስ ድረስ ፈቅዶላቸዋል፤ ሲበረቱም እንደ ቀድሞው እንዲታቀቡ አዟል። እንግዲህ በገዳም እንኳ የሚያገግም ሰው የራሱ ሕግ ነበረው። የላቲን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቀኖና መጽሐፍ ከቅዱስ ቁርባን በፊት የሚጠበቀውን የ1 ሰዓት ጾም አስመልክታ በቁጥር 919 ሽማግሌዎችንና ሕመምተኞችን፣ ከእነርሱም ጋር አስታማሚዎቻቸውን ነጻ አድርጋለች። አስታማሚው መጨመሩ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሕጉ በአልጋው ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን በአልጋው ራስጌ የተቀመጠችውንም አይቷልና።

ይህ ሲባል ግን ሕመም ያለ ልክ ለመብላት ፈቃድ ይሰጣል ማለታችን አይደለም። የተሰጠው ፈቃድ ለፈውስ ነው፤ ፈውሱ ሲፈጸም ፈቃዱም ይፈጸማል። የጾም ምግብ ብቻ መብላት የሚሻም ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ ለውዝና ሱፍ በሚገባ መጠን ካገኘ ብዙውን ጉድለት ሊሞላ ይችላል። ለደከመ ሰው ይበልጥ የሚጎዳው ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ረጅም ሰዓት ሳይበሉ መቆየትና መጠኑን ማሳነስ ነው። የሚጠራጠር ሰው ሐኪሙንና ካህኑን ያማክር፤ በምግብ ያልጾመውን በጸሎትና በምጽዋት ሊጾመው ይችላል።

ስለ ይሉኝታ

ሁለተኛው ሰው የሚያፍረው ወጣት ነው። ወንድሞቹ እርሻ ሲውሉ ወይም እኅቱ ከገበያ ደክማ ስትመለስ እርሱ በጠራራ ፀሐይ ገንፎ ይቀርብለታል። «ሳልሠራ እንዴት እበላለሁ?» ይላል። ይሉኝታ በኅብረተሰባችን ትልቅ በጎነት ነው፤ ሰው ሌላውን እንዳይጫን ይጠብቀዋል። ነገር ግን ከልኩ ካለፈ ሰውን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል።

የሰው ክብሩ ከሥራው የመጣ አይደለም፤ ሥራ ከክብሩ የሚፈልቅ ነው እንጂ። ሕፃን ምንም ሳይሠራ ይበላል፤ ሽማግሌም ሠርቶ ከደከመ በኋላ ይበላል። የሚያገግም ሰውም ለጥቂት ሳምንታት ከእነርሱ ወገን ይሆናል። በዚህ ጊዜ እጁን ዘርግቶ መቀበሉ ትሕትና ነው፤ አልቀበልም ማለቱ ደግሞ አንዳንዴ ትሕትና መስሎ የሚታይ ኩራት ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ያፈረውን ሰው «ለምን ታፍራለህ?» ብሎ መገሠጽ ኀፍረቱን ያብሰዋል። ስለ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ የሚተረከው በዚህ ረገድ ይጠቅመናል። ከወንድሞቹ አንዱ ታምሞ ወይን ቢበላ እንደሚሻለው ባወቀ ጊዜ ማልዶ ወደ ወይን ቦታ ወሰደው፤ ሕመምተኛው ብቻውን መብላት እንዳያሳፍረውም አስቀድሞ ራሱ መብላት ጀመረ። ቅዱሱ የወንድሙን ኀፍረት ያስወገደው በቃል ሳይሆን አብሮ በመቀመጥ ነው። እኛም ለዚህ የሚሆን የቆየ ልማድ አለን። ከሚያገግም ሰው ጋር ከአንድ ትሪ መቁረስ፣ «በሞቴ» ብሎ አንዲት ጉርሻ ማጉረስ፣ ቡናውን ከእርሱ ዘንድ ማፍላት ከምክር ሁሉ ይልቃል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት ጊዜ ገና ካላለፈ ግን ትሪው ይለይ፤ ወንበሩ ግን አይራቅ።

የእናት ዕንቁላል

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የእናት ጉዳይ ነው። ቤቱ ድኻ ነው፤ ዕንቁላሉ አንድ ነው፤ ልጆቹ ሦስት ናቸው። እናት ከወፍ በሽታ ገና ማገገሟ ነው። ዕንቁላሉን ለልጆቿ ብታካፍል ማን ሊወቅሳት ይችላል? ራስን ለሌላው መስጠት የክርስትና ልብ አይደለምን?

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ እኩል ማካፈልና በፍትሕ ማካፈል ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይህን ማንም የሀገራችን ቤተ ሰብ ያውቀዋል፤ ምክንያቱም አራስ አይቶ ያውቃልና። በአራስ ቤት ቅቤ የገባበት ገንፎ ለእናቲቱ ሲቀርብ ከቤተ ሰቡ «ለምን ለእርሷ ብቻ?» ብሎ የሚቆጣ የለም። ልጆችም ከተረፈው ቢቀምሱ ይደሰታሉ እንጂ ድርሻችን ተወሰደ አይሉም። ሰውነቷ የከፈለውን ሁሉም ስለሚያውቅ የገንፎው ሳህን የእርሷ እንደ ሆነ ሁሉም ይስማማል። ከከባድ ሕመም የተረፈች እናትም ሰውነቷ ከፍሏል፤ የእርሷን ግን የሚያስረዳ የሚታይ ሕፃን በጎኗ ስለሌለ ዕዳዋ ይረሳል። ለአራስ የምናውቀውን ሕግ ለምታገግም ሴት፣ ለሚያገግም ወንድና ለሚያገግም ሕፃን ማስፋት አዲስ ሕግ መፍጠር አይደለም፤ ያለንን ሕግ መፈጸም ነው።

ሁለተኛው፣ መሥዋዕትና ብክነት ይለያያሉ። እናት በርኃብ ዘመን የመጨረሻዋን ቁራሽ ለልጇ ብትሰጥ መሥዋዕት ነው፤ ልጁ ያለዚያች ቁራሽ አይተርፍምና። ነገር ግን ልጆቹ ዛሬ ያለ ዕንቁላሉ በሽሮና በእንጀራ ውለው ማደር ሲችሉ፣ እርሷ ግን ያለ እርሱ ብትደክም፣ ሕመሙም ቢያገረሽባት፣ ስጦታው ለልጆቹ ያተረፈላቸው ነገር ምንድን ነው? በሚቀጥለው ወር የሚያጡት ከዕንቁላሉ እጅግ ይበልጣል።

ይህ ክርክር ትክክል ቢሆንም ብቻውን አይበቃንም። እናት የምትመገበው ለልጆቿ ስለምታስፈልግ ብቻ ከሆነ፣ ልጅ የሌላት ሴት፣ ጧሪ የሌላቸው አሮጊት፣ ሥራ የማይሠራ አካለ ስንኩል አይመገቡም ማለት ነውን? አይደለም። የኢያኢሮስን ልጅ እናስታውስ። የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ማንንም አትጦርም፣ ማንንም አትመግብም። ጌታችን እጇን ይዞ ባስነሣት ጊዜ በዙሪያው የነበሩት በተአምሩ ተደንቀው ቆሙ። እርሱ ግን የሚበላ እንዲሰጧት አዘዘ። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ከሞት የተነሣች ልጅ እንደምትራብ አልዘነጋም። ምግቧንም ራሱ በተአምር አላቀረበላትም፤ ለቤተ ሰቧ ተወው። ተአምሩ የእርሱ ነው፤ ገንፎው የእኛ ነው። ልጅቱ እንድትበላ የታዘዘው ስለምትጠቅም ሳይሆን በሕይወት ስላለች ነው።

አንዳንዶች የጴጥሮስን አማት ጠቅሰው፣ ንዳዱ እንደ ለቀቃት ተነሥታ ማገልገሏን ያነሣሉ። ነገር ግን እርሷን የፈወሳት ጌታ ራሱ በአንድ ቅጽበት ፍጹም ጤና ሰጥቷታል፤ የማገገሚያ ጊዜ አላስፈለጋትም። ፈውሳቸው በሳምንታት የሚመጣላቸውን እናቶች በማግሥቱ ወደ ምጣድና ወደ ወፍጮ መላክ ተአምሩን ያለ ቦታው መጥቀስ ነው። የቤቱ አባወራ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ይህን ነው። ሚስቱ ስታገግም ውኃ ከቀዳ፣ እሳት ካነደደ፣ ለእርሷ የተለየውንም ምግብ በፊቱ እንድትበላ ካደረገ፣ የጋብቻ ቃል ኪዳኑን ፈጸመ።

የቤቱ አቅም ሲያልቅ

ዕንቁላሉ ከቤቱ ጨርሶ በጠፋ ጊዜስ? የጎረቤትና የቁምስና ግዴታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ቁስሉ ላይ ያፈሰሰውን ዘይትና ወይን ነው። ነገር ግን ሳምራዊው በማግሥቱ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። ዘይቱ ለቁስሉ ነበር፤ ሁለቱ ዲናር ግን ለማገገሚያው ጊዜ፣ ይኸውም ለመኝታውና ለእንጀራው ነበሩ። ሳምራዊው ቁስለኛውን አንሥቶ ብቻ ቢተወው ኖሮ ሥራውን በግማሽ በተወው ነበር።

በ1617 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሀገር ሻቲዮን በተባለች ከተማ ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ቆሞስ በነበረበት ጊዜ፣ ከከተማው ራቅ ብሎ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ በሞላ መታመሙን ሰማ። በስብከቱም ጉዳዩን ለምእመናን አስታወቀ። በዚያው ቀን ሕዝቡ ምግብ ተሸክሞ እንደ ዑደት ተከታትሎ ወደዚያ ቤት ሄደ። ቅዱሱ ይህን አይቶ ደስ ቢለውም አንድ ነገር አሳሰበው። ያ ሁሉ ምግብ በአንድ ቀን ሊበላ አይችልም፤ ከፊሉ ይበላሻል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ቀድሞው ችግሩ ይመለሳል። ስለዚህ በተራ የሚያበስሉና የሚያደርሱ ሴቶችን አሰባስቦ የመጀመሪያውን የፍቅር ማኅበር መሠረተ። ያ ሕዝብ ደግ ነበር፤ የጎደለው ሥርዓት ብቻ ነበር። ይህ መንፈስ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ1839 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት፣ «አቡነ ያዕቆብ» የምንላቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ቅዱስ ቪንሰንት የመሠረተው ማኅበር ልጅ ነበሩና።

ኅብረተሰባችንም የታመመን በመጠየቅ አይታማም። ሰው ሲተኛ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ ብርቱካኑና ዳቦው ይከማቻል። ከአልጋው ሲወርድ ግን «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ይባልና ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። አንዳንድ እድሮች የታመሙ አባሎቻቸውን ይረዳሉ፤ ብዙዎቹ ግን ድንኳናቸውና ትልልቅ ድስቶቻቸው የሚወጡት ለለቅሶ ነው። ለሙት ቤት ለቀናት እህል ማቅረብን የሚያውቅ ሕዝብ ከሞት ለተረፈ ሰው ለ2 ሳምንት ምሳ ማቅረብ አይከብደውም። ጥያቄው እድሩ ወይም ማኅበሩ ተሰብስቦ ይህን ሥራዬ ብሎ መያዙ ነው።

ለቤተ ሰብና ለመምህራን የሚጠቅሙ ነጥቦች

ፍቅር ዕውቀትን ይሻል። ስለሆነም የሚከተሉትን ማስተዋል ይጠቅማል።

1ኛ/ ለሚያገግም ሰው ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ይቅረብ። የወፍ በሽታ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ጧት የተሻለ መብላት ስለሚችል ዋናው ምግብ በጧት ይሁንለት።

2ኛ/ ሰውነትን የሚጠግን ምግብ ከሁሉ ይቅደም። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን ወደ 48 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ለታመሙና ለሚያገግሙ አረጋውያን ግን ባለሙያዎች ለዚሁ ክብደት ከ72 እስከ 90 ግራም ይመክራሉ። አንድ ዕንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ይይዛል። እንጀራ ከምስር ወይም ከሽሮ ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። አጥሚቱ ወፈር ይበል፤ ቀጭን አጥሚት ሆድን ይሞላል እንጂ ኃይል አይሰጥም። የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

3ኛ/ ሕፃን በሕመሙ ጊዜ ምግብ አይከልከል፤ ጡት የሚጠባም ጡቱን አያቋርጥ። ሕመሙ ከለቀቀው በኋላ ቢያንስ ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠው። ካሮት፣ ጎመን፣ ማንጎ፣ ፓፓያና የዕንቁላል አስኳል ለቫይታሚን ኤ ይረዳሉ፤ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ግን ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ ሊያጣ አይገባም።

4ኛ/ ተቅማጥ ላለበት በፓኬት የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. ይሰጠው። ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥበጥ፤ ማንኪያው ልክ እንጂ የተከመረ አይሁን።

5ኛ/ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ለደከመ ሰው ብርታት አይሆኑም፤ ሌላ በሽታ ሊያመጡበት ይችላሉ። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ከጠላ፣ ከጠጅና ከአረቄ ይራቅ፤ ቅጠላ ቅጠልም ሆነ የፋብሪካ መድኃኒት ያለ ሐኪም አይውሰድ። ቅቤና ዘይት ካላቅለሸለሸው ግን በመጠኑ መብላቱ አይከለከልም።

6ኛ/ ሄፓታይተስ ኤና ኢ በተበከለ ውኃና ምግብ ስለሚተላለፉ የመጠጥ ውኃ ይፍላ፤ የሚያበስለውም የሚያስታምመውም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ኩፍኝ ሽፍታው ከወጣ በኋላ ለ4 ቀናት ይተላለፋልና ያልተከተቡ ሕፃናት ለጥየቃ አይምጡ።

7ኛ/ የሚያስመልሰውና ምንም የማይረጋለት፣ አእምሮው የሚዛባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው ሕፃን፣ ዓይኗም ቢጫ የሆነ ነፍሰ ጡር ሴት በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ። ሄፓታይተስ ኢ በእርግዝና የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ከሚይዛቸው እናቶች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም በየመንደራቸው አንድ ቀላል ሥርዓት ሊያቆሙ ይችላሉ። አንድ ሰው ከአልጋ መነሣቱ በተሰማ ጊዜ ለ14 ቀናት የሚሆን የተራ ዝርዝር ይውጣ፤ በየቀኑ አንድ ቤት አንድ ምግብ ያቅርብ። ያለው ዕንቁላል፣ የሌለው ሽሮ፣ ሽሮም የሌለው ውኃ ቀድቶና ማገዶ ለቅሞ ተራውን ይፈጽም። ምግቡን የሚያደርሰው ሰው ሳህኑን አስቀምጦ አይመለስ፤ ቁጭ ብሎ ያጫውት፣ ምግቡ መበላቱንም ይይ። ለእናት የመጣ ከሆነ ለልጆቹም ጥቂት ይያዝ፤ ያኔ እናት ድርሻዋን ያለ ሥቃይ ልትበላ ትችላለች።

እንግዲህ በመነሻችን ላነሣነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። የሚያገግም ሰው በሚገባ መብላቱ በአደራ ለተሰጠው ሕይወት ያለበት ግዴታ ነው። እርሱን መመገብም ሲተርፈን የምንጥልለት ችሮታ አይደለም፤ የሚገባውን መስጠት ነው። ሕመምተኛውን በአልጋው ላይ መጠየቅ የምሕረት ሥራ መሆኑን ሁላችን ተምረናል፤ ከአልጋው ከወረደ በኋላ ያሉትን ሳምንታት የዚያው ሥራ ክፍል አድርገን እንቁጠራቸው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየቁምስናችን ቅጽር «በዚህ ወር ከሕመም የተነሣ ማን አለ? ምሳውንስ ማን ያደርስለታል?» ብለን እንጠይቅ። ለኢያኢሮስ ልጅ የሚበላ ስጧት ያለ ጌታ የሚያገግሙትን ሁሉ ያበርታ፤ እኛንም ለማዕዳቸው ያትጋን።